ከክብደት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ የት ላገግም?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉም አንድ ቤት የሚያንኳኩ ናቸው። መጀመሪያ «ከኦፕራሲዮን በኋላ የት ልረፍ?» የሚል ርዕስ ሰጥቼው ነበር። እህቴ አየችውና «ኧረ በስመ አብ! ሰው ሳይሞት?» ብላ አስቀየረችኝ። እውነቷን ነው። ማረፍ በእኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው።

ከአራት ዓመት በፊት እኔም ስሊቭ ተሠርቻለሁ። ለማያውቅ ሰው፣ ስሊቭ ማለት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ሆኖ ይሰፋል። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ ከአንጀት ጋር ትገጠማለች። ሁለቱም ባብዛኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች ስለሚሠሩ በሁለት በሦስት ቀን ከሆስፒታል ይወጣል። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው። ቶሎ ስለወጣ የዳነ ይመስለዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚሠራችሁ ሐኪም ከእኔ የተለየ ነገር ካላችሁ እሱን ስሙ።

«41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሚቀጥለው ወር ስሊቭ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ "ነይና እንደ አራስ ልንከባከብሽ" ትለኛለች። እዚህ ብቻዬን ነኝ። በሳምንቴ ብበር ምን አለበት?»

ብዙ ነገር አለበት እህቴ።

መጀመሪያ በረራውን እንይ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ ቢበር እንኳ 13 ሰዓት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያ እንግዲህ ለጤነኛ ሰው ነው። ቀዶ ሕክምናና ውፍረት ለየራሳቸው ደም ያረጋሉ። አንቺ ሦስቱን በአንድ ወንበር ላይ ልታስቀምጪ ነው። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። አደጋው ደግሞ ከሆስፒታል ስትወጪ አያበቃም፤ ሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላም ደም የሚያቀጥን መርፌ የሚታዘዝለት።

ሁለተኛው የስፌቱ ነገር ነው። አልፎ አልፎ ስፌቱ ያፈሳል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ነው። ያኔ የምትፈልጊው ሲቲ ስካን ያለበት ቤት፣ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪምና ፋይልሽ ነው። አትላንቲክ ላይ ሆነሽ አንዱም የለሽም። አዲስ አበባ ብትደርሺም ሐኪሙ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ምን እንደተቆረጠ፣ በምን እንደተሰፋ አያውቅም።

ከፍታውንም አስቢው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው አየር በሚነፋው ሲፓፕ ማሽን የምትተኚ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ነገሩን ገልብጪው። እናትሽ ቪዛ ካላት እሷ ትምጣ። ከሌላት ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ጓደኛ ለምኚ፤ ሶፋሽ ላይ ትደር። የሥራ ነገር ካስጨነቀሽ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው ሕግ አለ። ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት 12 ወር ከቆየሽና በዓመቱ 1,250 ሰዓት ከሠራሽ፣ ለከባድ የጤና ችግር እስከ 12 ሳምንት ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ይሰጥሻል። ወረቀቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስሞዪ። እናትሽ ጋ ደግሞ ለስላሳ ምግብ መብላት ስትጀምሪና ሐኪምሽ «ብረሪ» ሲልሽ ሂጂ።

ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «እንደ አራስ» የሚለው ነው የሚያስፈራኝ። አራስ እንድትጠነክር ብዪ፣ ጠጪ ትባላለች። ቅቤ የገባበት ገንፎ፣ ማር የተጨመረበት አጥሚት። አንቺ ግን የጨጓራሽ መጠን ከአንድ ስኒ ብዙም አይበልጥም። አጥሚት ሲቀጥንና ሲጠለል ለፈሳሽ ጊዜው ያመቻል፤ ነገር ግን አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው። የሚፈለገው ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ሐኪሞች በቀን ከ60 ግራም በላይ ይላሉ። ለእናትሽ «ቅቤውን ተዪው፤ አይብ፣ ፈሰስ ያለ አልጫ ሽሮ፣ የተፈጨ የምስር ሾርባ አዘጋጂ» በያት። ሥራ ስጫት። ሥራ ያላት እናት አትጨቀጭቅም። እኔ ይሄን የተማርኩት አክስቴ በአምስተኛው ቀን ዶሮ ወጥ ይዛ ስትመጣ ነው። ዕንቁላሉን ብቻ አውጥቼ ላስኩት። እሱም ገና ጊዜው አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀጣሁበት።

«52 ዓመቴ ነው፤ ስኳር አለብኝ። ኢስታንቡል ሄጄ ባይፓስ ልሠራ ነው። ፓኬጁ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል፣ ሦስት ሌሊት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው። በሰባተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ይበቃል?»

የሆቴሉን ኮከብ ይተዉት ጋሼ። ይልቅ ወኪሉን እነዚህን ይጠይቁት። ሆቴሉ ከሆስፒታሉ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢያምዎት ስልክ የሚያነሳው ማን ነው፣ ሐኪም ወይስ ደላላ? ተመልሰው ቢተኙ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ሁለተኛ ቢከፈቱስ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሰውየው መንተባተብ ከጀመረ ገባዎት ማለት ነው።

እኔ ብሆን ትኬቱን ቢያንስ አንድ ሳምንት እገፋው ነበር። ተጨማሪ የሆቴል ሌሊት ገንዘብ ነው፤ ስፌት በአምስት ሰዓት በረራ ላይ ሲያፈስ ግን የገንዘብ ጉዳይ አይሆንም። ብቻዎን አይሂዱ። ክፍሉ ፍሪጅ ይኑረው። የሆቴሉ ሰፊ የቁርስ ጠረጴዛ ለእርስዎ ፈተና እንጂ ጥቅም የለውም። ለበረራው መተላለፊያ ዳር ይቀመጡ፣ በየሰዓቱ ይነሡ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፣ የሚያጠብቀውን ካልሲ ያድርጉ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ከታዘዘልዎ ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ስኳርዎ ደግሞ የተለየ ነገር ነው። ከባይፓስ በኋላ የደም ስኳር ኪሎ ከመቀነሱም በፊት በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ድሮ የሚወስዱት ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ያኔ ይበዛብዎና ራስዎን ያስታሉ። ስለዚህ መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል በጽሑፍ ይያዙ፤ መለኪያዎ ከእጅዎ አይለይ።

ከመሄድዎ በፊት አዲስ አበባ ላይ የሚከታተልዎ ቀዶ ሐኪም ያግኙ። ሲመለሱ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርትና የመድኃኒቱን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ይዘው ይምጡ። በቱርክኛ ከሰጡዎት አይቀበሉ። አንድ ወዳጄ በቱርክኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጥቶ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በስልክ ትርጉም ሲታገል አይቻለሁ። የሚያስቅ አልነበረም።

«ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አሳንሰር የለም። ብቻዬን ነኝ፤ ቤተሰቤ ጎንደር ነው። እዚሁ ቤቴ ባገግም ያስቸግራል?»

ደረጃው አያስፈራህ። ቀስ ብለህ፣ እየቆምክ ትወጣዋለህ፤ እንዲያውም መራመድ ደሙ እንዳይረጋ ይረዳል። የሚያስፈራው ጄሪካኑ ነው። ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ ነው ብዙ ሐኪሞች የሚሉት። ስለዚህ ከመግባትህ በፊት በርሜልህን ሙላ፣ ለጥበቃው ልጅ ጉርሻ ሰጥተህ በየሁለት ቀኑ እንዲያወጣልህ ተስማማ። ጋዝ ሲሊንደር ቀይር። ካርድ ሙላ። አልጋህ ዝቅ ያለ ፍራሽ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ከፍ ያለ አልጋ ተዋስ፤ ከመሬት መነሣት ሆድን ይጎትታል። ጀርባህን በትራስ ከፍ አድርገህ ተኛ።

ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ሌሊቶች ብቻህን አትደር። ከጎንደር አንድ ወንድም ይምጣ፣ ወይ አንተ ጓደኛህ ጋ እደር። ምክንያቱም የሚያመው ሰው «ይለፍልኛል» ይላል። አጠገቡ ያለ ሰው ነው «ተነሥ፣ እንሂድ» የሚለው።

ያ ሰው እንዲያውቀው የሚከተለውን ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍለት። ተኝተህ እያለ ልብህ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ። ሆድህ እያደር ከመቅለል ይልቅ ከባሰ። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ። አንደኛው ባት ካበጠና ካመመ። ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። ከእነዚህ አንዱን ሲያይ ማስታገሻ ፍለጋ አይሂድ፤ ሆስፒታል ይውሰድህ። በነገራችን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ ውስጥ የተነፋው ጋዝ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይሄዳል። ካልሄደ፣ በተለይ ግራ ትከሻ ከሆነና ትኩሳት ካለው፣ ጋዝ ነው አትበል።

ማስታገሻ ካልኩ አይቀር፣ ጎረቤት የሚሰጥህን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንካ። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ባይፓስ ለሠራ ደግሞ ይብሳል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል አለ።

«አማቴ ቤት ነው የማገግመው። ቤቱ ጠያቂ ያበዛል። ምን እንደተሠራሁ ለሰው መናገር አልፈልግም። እንዴት ላድርግ?»

አትናገሪ። «ጨጓራዬን ተሠራሁ» ብትዪ ውሸትም አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ጨጓራ ያመዋል፣ ማንም ዝርዝር አይጠይቅሽም። «ሐኪሙ ፈሳሽ ብቻ ብሎኛል» በይ።

አማትሽ ግን ማወቅ አለባት። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «አሁን ተኝታለች» ካላለ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ጉርሻ ሲመጣ «በሞቴ» ይመጣል፤ «በሞቴ» ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። አንዲት ጉርሻ እንጀራ ገና ያልዳነ ጨጓራ ላይ ተጣብቃ አንቺን ሽንት ቤት ታሳድራለች። እንጀራና ዳቦ በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ከሚመለሱት ምግቦች ናቸው። አማትሽ ይህን ካልተቀበለች፣ ቤቱ የቱንም ያህል ሰፊና ሞቃት ቢሆን፣ ጠባቡ የራስሽ ክፍል ይሻልሻል።

«ከሆስፒታል እንደወጣሁ ጸበል ቦታ ገብቼ ሁለት ሳምንት ልቆይ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን ፈርቷል።»

ባለቤትሽ ልክ ነው። እምነቱን ሳይሆን የጊዜውን ነገር ነው የምለው። ጸበል ቦታ ብዙ ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ በብዛት ይጠጣል፤ ማስታወክም እንደ መንጻት ይታያል። አዲስ የተሰፋ ጨጓራ ግን በአንዴ የሚችለው ጥቂት ጉንጭ ነው፤ በኃይል ማስታወክም ስፌቱን ያስጨንቃል። ማስታወክ ለቀናት ከቀጠለ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፤ ያኔ እግር ይዝላል፣ ዓይን ይዛባል፣ ሰው ይደናገራል። ቶሎ ካልታከመ ጠባሳው ይቀራል። ቁስሉ ሳይዘጋም መነከር የለም። ከዚያ በላይ ግን ብዙዎቹ ቦታዎች ከትልቅ ሆስፒታል ሩቅ ናቸው።

በጠርሙስ ይምጣልሽ፤ በጥቂቱ እየተጎነጨሽ ጠጪ። መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ስለ ጾሙም የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ ታማሚን ጹሚ የሚል ካህን አላጋጠመኝም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ወተትና ያለ ዕንቁላል ፕሮቲኑን መሙላት በጣም ይከብዳል።

«ዱባይ ቤድ ስፔስ ነው የምኖረው፤ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል። ስሊቭ እዚሁ ብሠራ እዛው ማገገም እችላለሁ?»

የታችኛው አልጋ ያንቺ ከሆነ፣ አንዷ ልጅ ሌሊት የምትነሣልሽ ከሆነ፣ ፍሪጁ ላይ አንድ መደብ ካለሽ፣ ይቻላል። ተደራራቢ አልጋ ላይ መሰላል ወጥተሽ መተኛት ግን የለም። ሌላም አለ፤ ማታ ማታ የክፍሉ ልጆች ሲጠብሱ ሽታው ሊያጥወለውልሽ ይችላል። ከቻልሽ ለአሥር ቀን ስቱዲዮ ከአንዷ ጋር ተጋርታችሁ ተከራዩ። ካልቻልሽ ሐኪምሽ አንድ ሌሊት ጨምሮ ሆስፒታል እንዲያቆይሽ ጠይቂው፤ ኢንሹራንስሽ ይሸፍን እንደሆነ ግን ቀድመሽ አጣሪ።

«የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፤ ሌላ ሰው እጅ አይሄድም። እናቴ ቤት ልሂድ ወይስ እቤቴ ልሁን?»

የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ማንሣት የለም። እናትሽ ቤት ሂጂ፣ ልጁም አብሮሽ ይሂድ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ግቡ፤ ከአያቱ እጅ መብላትና ከጎኗ መተኛት ይልመድ። አንቺ ስትመለሺ ሶፋ ላይ ተቀመጪ፣ ሆድሽ ላይ ትራስ አድርጊ፣ እሱ ራሱ ተንጠላጥሎ ጎንሽ ይውጣ። የመጀመሪያ ቀን ያለቅሳል። በሦስተኛው ቀን ትራሱን ራሱ ያመጣልሻል።