«ሠርቼ» ወይስ «አሠርቼ»?

ጥያቄ፦ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር አሠርቼ እየሸጥሁ ነው። ተፎካካሪዎች በሪቨርስ ኢንጂነሪንግ (ያለቀውን ፕሮግራም ወደ ኋላ ተመልሶ አሠራሩን በማወቅ) ፈትተው እንዳይወስዱብኝ በአነስተኛ ወጪ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁት ልለፍ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ በቅጂ መብት እንደሚጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1994 የተፈረመው የትሪፕስ ስምምነት (የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት) በአንቀጽ 10 ይደነግጋል፤ የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ስምምነት ደግሞ ለጥበቃው ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። የሚጠበቀው ግን የተጻፈው ኮድ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። መፍታቱም ሁልጊዜ ጥፋት አይሆንም፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሁለት ፕሮግራሞችን ለማናበብ የግድ ሲሆን፣ በጠባብ ሁኔታዎች፣ ይፈቅደዋል፤ በውል መከልከልም አይቻልም። ስለዚህ ዋናውን ስሌት ለደንበኛ ከመስጠት ይልቅ በራስዎ ሰርቨር ላይ ማቆየት፣ ኮዱን የሚያዩትንም ሰዎች በምስጢር ጥበቃ ውል ማሰር ይሻላል፤ ምስጢሩን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥረት ያላደረገ ሰው የንግድ ምስጢር ጥበቃ አያገኝምና።

አሁን ወደ ራስዎ ቃል ልመለስ። «ሠርቼ» ሳይሆን «አሠርቼ» ብለዋል፤ ማን እንደ ሠራልዎ ግን አልነገሩኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን መዝለል አልነበረብዎትም። ኮዱን የጻፈው ደመወዝተኛ ሠራተኛዎ ከሆነ በብዙ አገሮች ሕግ መብቱ የአሠሪው ነው። በቁርጥ ዋጋ የሠራ የውጭ ባለሙያ ከሆነ ግን፣ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈልዎ በስተቀር፣ በአብዛኛው ባለቤቱ እርሱ እንደሆነ ይቀራል፤ እርስዎ ያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ከፍያለሁ» ይሉና የባንክ ደረሰኝ ያቀርባሉ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው «ለሶፍትዌር ሥራ» የሚል አንድ መስመር ሲሆን ክፍያን እንጂ የመብት ዝውውርን አያሳይም። ተፎካካሪዎን ሲከሱም የተፎካካሪዎ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «የባለቤትነት ሰነድዎን ያሳዩ» የሚል ነው፤ ያ ባለሙያ በዚያን ጊዜ ለተፎካካሪዎ እየሠራ ከሆነ ደግሞ መፍታትም አያስፈልገውም፤ ኮዱ በእጁ ነው።

በመሆኑም ገንዘብዎን ኮዱ በቀላሉ እንዳይፈታ ለሚያወሳስብ መሣሪያ ከማውጣትዎ በፊት፣ ከባለሙያው ጋር ያላችሁ ግንኙነት ሰላም ሳለ የመብት ማስተላለፊያ ውል ያስፈርሙ። ውሉ ሶርስ ኮዱን (ባለሙያው የጻፈውን ዋናውን ኮድ)፣ የተሻሻሉትን ቅጂዎች ሁሉና የምስጢር ግዴታን በስም ይጥቀስ። ውሉን ከሌላ ቦታ ገልብጠው አይጠቀሙ፤ የአገርዎን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያርቅቀው። ለጠበቃው የሥራ ማዘዣውን፣ የተጻጻፋችሁትን ኢሜይል፣ ደረሰኞቹንና ኮዱን ማን መቼ እንደ ጻፈው የሚያሳየውን የለውጥ መዝገብ ይዘው ይቅረቡ። ለተፎካካሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመላክ አስበው ከሆነም፣ የተፈረመው ውል በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ይታገሡ።