ኮንሶሉ ሲጫወት ፒሲው ሲጠብቅ

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፒሲ (ኮምፒውተር) እና ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ወይም ፒኤስ፣ እንደ ኤክስቦክስ ያለ የጌም ማሽን) ናቸው፣ እኔም ወገንተኛ መሆኔን ከወዲሁ ልናገር፣ የፒሲ ሰው ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኳቸው፣ ጌም የሚወጣው በነሱ ካላንደር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ደህና የሚባል የጌም ላፕቶፕ አለኝ። ጂቲኤ 6 ለፒሲ አይወጣም ሲባል ሰምቼ ጓደኞቼ ላፕቶፑን ሽጠህ ፒኤስ 5 ግዛ እያሉ ነዘነዙኝ። ልሽጠው እንዴ? ደሞ ለምንድነው ፒሲ ያለው ሰው ሁሌ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ እንዳትሸጠው! አይወጣም ያለ ሰው የለም። የተነገረው ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው፣ ቀጠሮውም ሁለቴ ተገፍቶ ኖቬምበር 19 2026 ላይ አረፈ፣ ስለ ፒሲ ግን ጭጭ ብለዋል። የጂቲኤ ሰሪው የሮክስታር ጠባይ ደግሞ ዛሬ የጀመረ አይደለም። ሁላችንም ያደግንበት ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ራሱ ኦክቶበር 2004 በፒኤስ 2 ወጥቶ ፒሲ ላይ የመጣው በ2005 ጁን ነው። ጂቲኤ 5 ሴፕቴምበር 2013 ወጣ፣ እኛ ያገኘነው ኤፕሪል 2015፣ 19 ወር ቁጭ ብለን ስንጠብቅ በመሃል ለፒኤስ 4 እንደ አዲስ ሸጡት። ሌላው ጌማቸው ሬድ ዴድ 2 አንድ ዓመት ከምናምን ቀን አስጠበቀን። የመጀመሪያው ሬድ ዴድማ ተወው፣ 2010 የወጣ ጌም ፒሲ ላይ የደረሰው 2024 ላይ ነው፣ በወጣ ሰሞን የተወለደ ልጅ እኮ እስኪደርስ ድረስ ጎረምሳ ሆኗል።

ለምን ላልከው፣ ኮንሶል አንድ አይነት እቃ ነው፣ አዳማ ያለው ፒኤስ 5 እና ቶኪዮ ያለው ፒኤስ 5 ሆዳቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ላይ ከሰራ ሁሉም ላይ ይሰራል። ፒሲ ጋር ስትመጣ ያንተ ግራፊክስ ካርድ ሌላ፣ የኔ ሌላ፣ ራሙ ሌላ፣ አንዱ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሰራውን ሶፍትዌር) ከገዛ ጀምሮ አፕዴት አድርጎ አያውቅም፣ ይሄን ሁሉ አስማምቶ ማውጣት ቀላል አይደለም፣ እሺ። ግን እኔን ከጠየቅከኝ ግማሹ ሰበብ ነው፣ ኤልደን ሪንግ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ለፒሲም ለፕሌይስቴሽንም ለኤክስቦክስም በአንድ ቀን ወጥቶ የለም እንዴ? እንደሚመስለኝ ነገሩ አንዱን ሰው ሁለቴ ማስከፈል ነው፣ መጀመሪያ መታገስ አቅቶት ለኮንሶል ይከፍላል፣ ኋላ ደሞ አምሮ ሲያየው ለፒሲ።

መጠበቁ ግን ያን ያህል አይጎዳህም። የሚመጣልህ ጌም ስህተቱ ተለቅሞ፣ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሰሩት ጭማሪ) ተሰርቶለት፣ ዋጋውም ወርዶ ነው። ሜይ 2020 ኤፒክ የሚባለው የፒሲ ጌም መሸጫ ጂቲኤ 5ን ለአንድ ሳምንት በነጻ ሲያድል እኔ አካውንቴ ላይ አስገብቼው ቁጭ፣ ከዛ ወደ 100 ጊጋ የሚጠጋውን ነገር የማወርድበት ኢንተርኔት ስለሌለኝ ላፕቶፔን ጓደኛዬ ቢሮ ወስጄ ሦስት ሌሊት ተሰክቶ አደረ፣ ጠዋት ጠዋት ፐርሰንቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክልኝ ነበር። ባዶ እጄን አልቀረሁም ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እኔ ኳስ ብቻ ነው የምጫወተው፣ ሌላ ጌም አላውቅም። ሰዉ ፒሲ ይበልጣል ይላል፣ እውነት ነው? (ከጎፋ)

መልስ፦ ለአንተ አይበልጥም፣ ኮንሶል ግዛ። ኳስ ላይ ፒሲ ለዓመታት የእንጀራ ልጅ ነበር። ፊፋ 14 ሲወጣ ፒኤስ 4 አዲሱን ኢንጂን (ጌሙ የሚሰራበትን ሶፍትዌር) ሲያገኝ ፒሲ የተሰጠው የፒኤስ 3ውን አይነት ነው። ፒኤስ 5 ሲመጣ ያው ነገር ተደገመ፣ ፊፋ 21 እና 22 ፒሲ ላይ የድሮው ጌም ናቸው፣ ከኮንሶሉ እኩል የሆነው በፊፋ 23 ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ ያምናውን መጫወት ማለት ነው፣ ይሄ ከመዘግየትም ይብሳል።

ደሞ ኳስ ብቻህን አትጫወትም። ፒኤስ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ሆነህ ተጣበህ፣ የተሸነፈ ይነሳል ተብሎ፣ አንዱ ጆይስቲክ አርዋን የሚባለው ቁልፉ አልሰራ ብሎ «በሱ ነው የተሸነፍኩት» እየተባለ ካልሆነ ምኑን ኳስ ሆነ?

ፒሲ ይበልጣል የሚለው ራሱ እንደ ጌሙ ነው። ባትማን አርካም ናይት ጁን 2015 ፒሲ ላይ እየተንተፋተፈ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ከሽያጭ አንስተውት ኦክቶበር ላይ ነው የመለሱት። ላስት ኦፍ አስ ማርች 2023 ሲመጣ ገና ሳትጀምረው ሼደር (የምስሉን ብርሃንና ጥላ የሚሰራ ኮድ) እየገነባሁ ነው ብሎ ያስቀምጥሃል፣ የኔ ላፕቶፕ እንደ ምጣድ ግሎ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪወርድ ገና ነበር። በተቃራኒው ደሞ ሳይበርፐንክ በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ደህና ፒሲ ያለው እየተጫወተ ፒኤስ 4 ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ የፒኤስ ባለቤት ሶኒ ራሱ ከስቶሩ አውጥቶት ነበር፣ ስድስት ወር ገደማ።

ጥያቄ፦ ሄልዳይቨርስ 2 በ2024 ጓደኞቼ ጋር ልጫወት ብዬ ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫ) ላይ ብፈልግ ባገርህ አይሸጥም አለኝ። ምን አድርገናቸው ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምንም አላደረግናቸውም፣ አያውቁንም እንጂ። ጌሙ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ለፒኤስ 5 እና ለፒሲ በአንድ ቀን ወጣ፣ ሰው ገዝቶ እየተጫወተ በሜይ ሶኒ የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት) አካውንት ግድ ነው አለ። ፒኤስኤን ደሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገር የለም፣ ስለዚህ ከ170 በሚበልጡ አገሮች ከሽያጭ ተነሳ። ተጫዋቹ ስቲም ላይ በስድብ ሲያጥለቀልቃቸው በቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሻሩት፣ የተነሳው ሽያጭ ግን ያኔ አብሮ አልተመለሰም። 2025 መጀመሪያ ላይ እንደ ስፓይደርማን 2 ላሉ የፒሲ ጌሞች አካውንት በግድ አንጠይቅም ብለዋል። መዘግየቱን እችለዋለሁ፣ ገንዘቤን ይዤ በር ላይ ቆሜ አገርህ ዝርዝር ውስጥ የለም መባል ግን ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ለታናሽ ወንድሜ ፒኤስ 5 ገዝቼ ልልክለት ነው፣ ሲዲ የሌለው ይረክሳል አሉኝ። (ከጅዳ)

መልስ፦ እህቴ በረከሰው አትታለዪ፣ ሲዲ የሚወስደውን ላኪለት። ሲዲ ከሌለው ጌሙን ሁሉ በካርድ ከስቶር መግዛት፣ በኢንተርኔት ማውረድ ነው፣ ሁለቱም እዚህ ያስቸግራሉ። ሲዲ ግን ጨርሶት ከጓደኛው ጋር ይቀያየራል። ከጅዳ የተገዛ ሲዲ እዚህም ይሰራል፣ ተጨማሪ ይዘት ሲገዛ ብቻ የአካውንቱ አገር ከሲዲው ጋር መግጠም አለበት። ስታብላይዘሩን እዚሁ ይግዛ፣ ሻንጣሽን አታክብጂ።