«ከጠይብ ጋር አንጋባም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ወላጆቼ የመንዝ ሰዎች ናቸው። ላገባው ያሰብኩት ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ ነው። ይጾማል፣ ይቆርባል። አባቱ ግን ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አባቴ «እኛ የካህን ዘር ነን፤ ከጠይብ ጋር አንጋባም» አለ። ጎረቤቱም «ቡዳ ናቸው» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። አጭሩን ላስቀድም፤ በአባቱ ሙያ ምክንያት ጋብቻ የሚከለክል ቀኖና የለም።

የአባትሽን ነገር ግን በቀላሉ አላልፈውም። በእኛ አገር ዘር መቁጠር ተራ ጉራ አልነበረም። ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ ተቆጥሮ ነበር። መቁጠር ያቃተው መሬት ያጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ቀረ፤ አጥንት መጠየቁ ግን ለጋብቻ ተረፈ። ችግሩ ያንን ቆጠራ ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስንገባ ነው።

መጥምቁ ዮሐንስ ወደ ዮርዳኖስ ለመጡት «አብርሃም አባት አለን እንደምትሉ አይምሰላችሁ» ብሏቸዋል (ማቴ 3፥9)። ልብ በዪ፣ ሰዎቹ አልዋሹም፤ በእርግጥ የአብርሃም ልጆች ነበሩ። ዮሐንስ ያላቸው «ይህ አያድናችሁም» ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስም ክርስቶስን የተቀበሉት «ከእግዚአብሔር ተወለዱ እንጂ ከደም» አይደለም ይላል (1፥13)። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ የምንወለደው ይህን ልደት ነው። ያ ልጅም አንቺም ከዚያው ከጥምቀት ማኅፀን ወጥታችኋል።

የካህን ዘር መሆን ደስ ይላል። ግን አፍኒንና ፊንሐስም የካህኑ የዔሊ ልጆች ነበሩ፤ መጽሐፍ «ምናምንቴዎች» ነው ያላቸው። ሞዓባዊቷ ሩት ግን በጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ በስሟ ተጽፋለች።

ወደ ሙያው ስንመጣ፣ ጌታችንን ራሱን የናዝሬት ሰዎች «ይህስ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ንቀውታል (ማር 6፥3)። ቅዱስ ጴጥሮስ ኢዮጴ ላይ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው (ሐዋ 9፥43)። እኛ «ፋቂ» ብለን የምንሰድበው ሰው ማለት ነው እንግዲህ! የእኛው የአንጎለላ ተወላጅ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን አልወጣም።

«ቡዳ» የሚለው ነገር ደግሞ ያናድደኛል። ሰው ከአንድ ጽዋ አብሮት እየቆረበ፣ ወንድሙን «ማታ ጅብ ይሆናል» ብሎ ካማ ቁርባኑን ነው የናቀው። ይህንን ለንስሐ አባታቸው መናገር ያለባቸው የሚያሙት ናቸው እንጂ ልጁ አይደለም።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ዘር አትቆጥርም? ትቆጥራለች። የምትቆጥረው ግን ዝምድና ቀርቦ እንዳይሆን ነው፤ እስከ ሰባት ቤት። ማን ይበልጣል ለማለት አይደለም። ደግሞ የክርስትና እናትሽን ልጅ ማግባት አትችዪም፤ የሥጋ ዝምድና ባይኖራችሁም። ይህን ለአባትሽ ንገሪው። ጥምቀት ዝምድና ካልፈጠረ ይህ ክልከላ ከየት መጣ?

አደራ፣ ተጣልተሽ እንዳትወጪ። መጀመሪያ የንስሐ አባታችሁን ያዢ፤ አባትሽ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ከዚያ የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ይላክ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን «እምቢ» ቢባሉ አትደንግጪ፣ ወጉም እንደዚያው ነው። የሰባት ቤቱ ቆጠራ ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በሁለቱም ወገን ይጠናቀቅ፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም።