ካዝናችሁን የሚቆጥርላችሁ ማነው?

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በሒሳብ ሙያ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በኦዲተርነት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከግቢ ጉባኤ የምትመጡ ልጆች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምታነሡብኝ ጥያቄ አለ። «እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ስብከት እሰማለሁ፤ ግን ዛሬም እዚያው ነኝ። ለምንድነው የማላድገው?» ትሉኛላችሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

በእኛ ሥራ ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ ሰው አይሆንም። ካዝናውን የሚቆጥረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ቀኑን ሳይናገር ድንገት ይመጣል። ይህ የሚደረገው ገንዘብ ያዡ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ጨዋ ሰውም ብቻውን ሲሆን ለራሱ ያደላል። «ነገ እመልሰዋለሁ» ይላል፤ ከልቡም ነው የሚለው። እኔም ከልቤ ብዬ ነበር።

1981 ዓ.ም. ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በጥቅምት ወር ገንዘብ ያዣችን ሴትዮ አንድ ቀን ታመው ቀሩና ካዝናውን እኔ ያዝኩላቸው። ጓደኛዬ ሊያገባ ነው፤ እኔ ሚዜ ነኝ፤ ደህና ጫማ የለኝም። 60 ብር አነሣሁ። ደመወዝ ሲወጣ ልመልስ ነበር። በማግሥቱ እሳቸው ሲመለሱ ሳንቆጥር ተረካከብን፤ ያምኑኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንገተኛ ቆጠራ መጣ።

60 ብር ጎደለ። እሳቸው ደጋግመው ቆጠሩ፤ መሳቢያውን ገለበጡ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ መደመር ያዝኩ። ከደመወዛቸው በየወሩ 20 ብር፣ ለ3 ወር ተቆረጠባቸው። ዝም አልኩ።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ጾምኩ። ሰገድኩ፣ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን ያህል የበረታሁት ያቺን 60 ብር ላለመስማት ነበር። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት፣ ማለትም ከኃጢአት የመፍታት ጸሎት፣ ስለሌለ፣ እንደ ሰው ሁሉ እኔም ከሆሣዕና በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን ዘረዘርኩ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «የበደልከው ሰው የለም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። መስቀላቸውን ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ። እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ያወጣሁት።

ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ነበር። «ስግደቱ ይቆይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሴትዮዋ ቤት ሂድ።»

ቤታቸው ጉለሌ ነበር። ስደርስ ቡና እየቆሉ አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸውና ብሩን ዘረጋሁ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ፣ ልክ እንደ ቢሮው አንድ በአንድ ቆጠሩት። ከዚያ እጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ብሩስ አለፈ ልጄ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ወር ሰው ባየኝ ቁጥር ሌባ የሚለኝ ይመስለኛል። የቢሮው ሰዎች ፊት ንገርልኝ።»

እነሱ ፊት ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ 60 ብሩም በመሥሪያ ቤቱ በኩል ለእሳቸው ተመለሰ። ያን ዓመት ፋሲካ ስቆርብ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልነበረኝ አንድ ነገር ነበረኝ። በእግዚአብሔር ፊት የምደብቀው አልነበረም።

የማደግ ጥያቄያችሁ እኔ ዘንድ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የሚጎድላችሁ ጾም ወይም ስብከት አይመስለኝም። ስልካችሁ ላይ በየቀኑ ስንት ስብከት ይመጣል! የሚጎድላችሁ «የበደልከው ሰው የለም?» ብሎ የሚጠይቃችሁና መልሱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ካዝናችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ፣ ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ ራሳችሁ እየቆጠራችሁ ነው።

«የንስሐ አባት አለኝ» የምትሉትን አውቃለሁ። ግን መቼ ነው ያገኛችኋቸው? ቤታችሁን ያውቁታል? አንዳንዶቻችሁ አባ ሲጠብቁባችሁ ለዘብ ያሉ ሌላ አባት ትፈልጋላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የማይመች ጥያቄ የሚጠይቃችሁን ሰው ስትለውጡ፣ ቆጣሪውን አባራችሁ ካዝናውን ለብቻችሁ መያዛችሁ ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ለእናንተ ይከብዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፣ እረፍትም የለም። እስከምትገናኙ ድረስ አባታችሁ በስልክም ቢሆን ድምፃችሁን ይስሙ። በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ ልጆችም፣ በየሳምንቱ በቤት ኅብረት ስትገናኙ በደፈናው «ጸልዩልኝ» ብላችሁ አትለፉት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ምሥጢራችሁን ይዞ የሚያስፈራራችሁ፣ ወይም በእሱ ሰበብ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው አባት አይደለም። ከእሱ ሽሹ፤ ለምታምኑት ሰውም ተናገሩ።

በሙያችን የምወደው አንድ ቃል አለ። የእኛ መዝገብና የባንኩ መግለጫ ሲለያዩ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ልዩነቱን እንፈልጋለን። ይህን ሥራ «ማስታረቅ» እንለዋለን። 1 ብርም ብትሆን አትታለፍም፤ ከትንሿ ልዩነት ጀርባ ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች ተቻችለው ሊቀመጡ ይችላሉ። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ዘኬዎስም የሒሳብ ሰው ነበር፣ የቀራጮች አለቃ። ጌታ ቤቱ ሲገባ መዝሙር አልዘመረም። በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳን ለዚህ ቤት ሆኖለታል የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ጎንበስ ብለን ሰላምታ የምንሰጣጠውም ከመቁረባችን በፊት ነው። ለልማድ ያህል ጎንበስ አትበሉ። ያኔ በልባችሁ የሚመጣ ሰው ካለ እሱን ያዙት።

የያኔው ንስሐ አባቴ ዐርፈዋል። አሁን ያሉኝ ቀሲስ በዕድሜ የልጄ እኩያ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ በዚህ ሽበት ለልጅ መናዘዝ። ባለፈው ወር ሄጄ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ብዙ አወራሁ። ጨርሼ ልነሣ ስል፣ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ሳይታረቁ ነው የመጡት?» አሉኝ።

አንድ ሰው ነበረ። በድሮ ሥራ ምክንያት 4 ዓመት ያልተነጋገርን። ከደጀ ሰላሙ ሳልወጣ ደወልኩለት።