ጓሮ የተከልኩት ጦስኝ ለምን ጠቁሮ ደረቀ?

ጥያቄ፦ ከተራራ ነቅዬ ጓሮዬ የተከልኩት ጦስኝ ሐምሌን ደህና ነበር፤ ነሐሴ ላይ ከታች እየጠቆረ ደረቀብኝ። ውሃ አላጎደልኩበትም፣ ፍግም አድርጌበታለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ «ድሮም ጦስኝ አይደለም» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (ከደጋ አካባቢ)

መልስ፦ ከጎረቤትዎ ጋር ያለው ክርክር በቀላሉ ያልቃል። ከደረቀው ላይ ጥቂት ቅጠል በጣትዎ ይሹ፤ ጦስኝ ከሆነ ደርቆም ይሸታል። ቅጠሉ ከጥፍር ያነሰ ነው፤ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ለጋው ግንድ በጣት ሲያሽከረክሩት አራት ማዕዘን ሲሆን ሥሩ አጠገብ ያለው ክፍል እንጨት ይሆናል። አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ያብባል። የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ካለው ሌላው የጦስኝ ዝርያ ነውና አያስቡ፤ አያያዙ አንድ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ «ውሃ አላጎደልኩበትም» ያሉት ነገሩን ገልጦልኛል። ጦስኝዎ በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት የሞተ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ አንዱን ነቅለው ሥሩን በጣትዎ ይጨምቁት። ቆዳው ተላጦ ከወጣና ውስጡ ጠቁሮ ከሸተተ በስብሷል ማለት ነው። ጦስኝ በተራራ ላይ የሚበቅለው ጠጠር በበዛበት፣ ውሃ በማያቁር ስስ አፈር ላይ ነው። ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁር ጓሮ፣ በዚያ ላይ ፍግ ሲጨመርበት፣ ሥሩን አፍኖ ይገድለዋል።

መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው፤ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ዳሩን በድንጋይ ይደግፉት። ከጥቁር አፈር ይልቅ ከተዳፋት ቀይ አፈር ያምጡ። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ጋር ይቀላቅሉ። ደቃቅ አሸዋ ግን ይቅርብዎት፤ ከሸክላማ አፈር ጋር ሲደባለቅ እንደ ጡብ ይደርቃል። ፍግ አይጨምሩ። ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረው መውጫውን ወደ ቁልቁለት ያድርጉ። ቦዩ መውጫ ከሌለው መደቡ ራሱ ኩሬ ውስጥ ይቆማልና ይህን አይርሱ።

ለመትከያ እባክዎ ከተራራው እንደገና አይንቀሉ። ይህን ልማድ ደጋግሜ አያለሁ፤ ጦስኝ ለሽያጭም ለመትከልም ከነሥሩ ይነቀላል። ያረጀ ተክል ሲነቀል ቀጫጭን ሥሮቹ ተበጥሰው ይቀራሉ፤ ቦታ ሲቀየርበትም እምብዛም አይጸድቅም። ተራራውም ይራቆታል። ይልቁንስ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቀንስ፣ አበባ ካልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአንጓ በታች ይቁረጡ። ከታችኛው ግማሽ ላይ ቅጠሉን አንስተው ያንን ክፍል በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይትከሉት፤ በጥላ ሥር ይቆይ። ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ቀስ አድርገው ሲስቡት አልነቀል ካለ ይዟል ማለት ነው። መሬት ለመሬት የሚሳብ ቅርንጫፍ ካገኙ ደግሞ የራሱን ሥር ያወጣውን ክፍል ቆርጠው መውሰድ ከዚህም ይቀላል።

ወደ መደቡ ሲያዛውሩ በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ግንዱን አፈር ውስጥ አይቅበሩት፤ ዙሪያውን ደቃቅ ጠጠር ይበትኑበት፣ ቅጠሉ እርጥብ አፈር እንዳይነካ። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚሰጡት አፈሩ ጣትዎ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጨርሶ አያጠጡ።

ሲያጭዱ ከላይ ሲሶውን ብቻ፣ በስለታም ነገር ይቁረጡ። አረንጓዴ ቅጠል ሳያስቀሩ እስከ እንጨቱ ከወረዱ ዳግም አያቆጠቁጥም። የታጨደውን በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ይተናል።