የታጠፈ ካናል በየትኛው ፋይል ይሠራ? ጥያቄና መልስ

የታጠፉ የጥርስ ሥር ካናሎችን ቅርጽ ለማውጣት የሚያገለግሉ ፋይሎችን በተመለከተ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው። የሥር ሕክምና ለሚሠሩና ለሚማሩ የታሰበ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያለኝ ስቲል ኬ-ፋይል ብቻ ነው። 30 ዲግሪ የታጠፈ ካናል ልጀምርበት?

ይጀምሩ፤ የሚያዋጣው ግን እስከ ቁጥር 20 (ጫፉ 0.20 ሚ.ሜ.) ነው። ከ25 ጀምሮ ስቲሉ ካናሉን መከተሉን ትቶ ራሱን ማቅናት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጫፉ የኩርባውን የውጭ ግድግዳ፣ ወገቡ ደግሞ የውስጡን ይፍቃል። ሌጅ (ግድግዳው ላይ የሚፈጠር ደረጃ) እና ዚፕ (የካናሉ ጫፍ ወደ ውጭ ተፍቆ መስፋት) የሚመጡት ከዚህ ነው።

ከ25 በላይ በእጅ መሄድ ግድ ከሆነ በ1985 የቀረበው የባላንስድ ፎርስ ዘዴ ከመግፋትና ከመሳብ እጅግ ይሻላል። ጫፉ የማይቆርጥ ፋይል ይያዙ፤ አስቀድመው አያጥፉት። በሰዓት አቅጣጫ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ አዙረው ያስገቡት። ቀጥሎ ወደ ሥሩ ጫፍ በቀስታ እንደተጫኑ ቢያንስ 120 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመልሱት፤ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው። በመጨረሻም እንደገና በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ከነፍርስራሹ ያውጡት።

ጥያቄ፦ ናይታይ (ኒኬል ቲታኒየም) ከስቲል ያን ያህል ይለያል ወይስ ማስታወቂያ ነው?

ይለያል። በ1988 ከጥርስ ማስተካከያ ሽቦ በተሠሩ ቁጥር 15 ፋይሎች ላይ ሲፈተን፣ ኒኬል ቲታኒየሙ ከስቲሉ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ተለማጭ ሆኖ ተገኝቷል። ማስታወቂያው የሚበዛው በናይታዮቹ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እሱንም ልጠይቅ ነበር። ፕሮቴፐር ዩኒቨርሳልና ፕሮቴፐር ጎልድ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ምን ለየው?

የብረቱ ሙቀት አያያዝ። ዩኒቨርሳሉ በክፍል ሙቀት ኦስቴናይት በሚባለው ጠንካራ ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ሲታጠፍ እንደ ስፕሪንግ ወደ ቦታው ይዘላል። ጎልድ፣ ብሉና ሲኤም የሚባሉት በሙቀት የታከሙ ስለሆኑ በከፊል ወይም በአብዛኛው ማርቴንሳይት በሚባለው ለስላሳ ሁኔታ ላይ ናቸው፤ ግድግዳውን ብዙም ሳይገፉ በኩርባው ያልፋሉ፣ በጣትም ታጥፈው ይቆያሉ። የአፍ መክፈቻቸው ለጠበበ ታካሚዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋጋው ግን አለ። ለስላሳው ብረት ጫፉ ሲያዝ ቶሎ ይበላሻል፤ ሃይፍሌክስ ሲኤም ላይ ጥምዝምዙ ሲፈታ በዓይን ይታያል። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ወደ ቅርጹ ከተመለሰ ይሠራል፤ ካልተመለሰ ወይም ወደ ተቃራኒው ከተጠመዘዘ ይጣላል።

ጥያቄ፦ 25 በ4 በመቶ ልግዛ ወይስ 25 በ6? ጫፋቸው እኩል አይደል?

ጫፋቸው እኩል 0.25 ሚ.ሜ. ነው፤ በመቶው ቴፐሩ ነው፣ ማለትም ፋይሉ ከጫፉ ወደ ላይ በየሚሊሜትሩ የሚወፍርበት መጠን። ኩርባው ግን ብዙ ጊዜ ያለው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከጫፉ 4 ሚ.ሜ. ላይ ያስሉት፦ ባለ 4 በመቶው 0.25 ሲደመር 0.16፣ ማለትም 0.41 ሚ.ሜ. ይሆናል። ባለ 6 በመቶው 0.49 ነው። የፕሮቴፐር ጎልድ ኤፍ 2 ደግሞ ጫፉ ያው 0.25 ሆኖ የመጀመሪያዎቹ 3 ሚ.ሜ. 8 በመቶ ስለሆኑ 0.49 የሚደርሰው ገና 3 ሚ.ሜ. ላይ ነው። የሽቦ ግትርነት ከውፍረቱ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ይቺ 0.08 ሚ.ሜ. ቀላል አይደለችም። ኩርባው ድንገተኛ ከሆነ 4 በመቶውን ይያዙ። ካናሉ ለማጠቢያው ጠበበ ብለው ከሰጉ ቴፐሩን ሳይሆን የጫፉን ቁጥር አንድ ደረጃ ማሳደግ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ሁለት ካናል፣ ሁለቱም 45 ዲግሪ፤ አንዱ ላይ ፋይል ተሰበረ፣ ሌላው ላይ ምንም አልሆነም። ለምን?

ዲግሪው ብቻውን አይናገርም። ከ1971 ጀምሮ የምንለካበት የሽናይደር ዘዴ ማዕዘኑን እንጂ ኩርባው በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደተጠናቀቀ አያሳይም። የኩርባው ራዲየስ 5 ሚ.ሜ. ሲሆን ፋይሉ ዘና ብሎ ይዞራል፤ 2 ሚ.ሜ. ሲሆን በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ጎኑ ይለጠጣል፣ ሌላው ይጨመቃል፣ ብዙ ሳይቆይም ይደክማል። ራጁን ሲያዩ «ስንት ዲግሪ?» ከማለት በፊት «በስንት ሚሊሜትር ውስጥ?» ይበሉ። ወደ ከንፈር ወይም ወደ ምላስ የሚታጠፈውን ደግሞ ተራ ራጅ ፈጽሞ አያሳይም።

የተሰበረውንም ይመርምሩ። ከስብራቱ አጠገብ ጥምዝምዙ ከተፈታ ጫፉ ተይዞ ነው፤ ግላይድ ፓዙ (አስቀድሞ በቀጭን ፋይል የሚከፈተው መንገድ) ጠባብ ነበር፣ ወይም እጅ ከብዶበታል። ምንም የቅርጽ ለውጥ ሳይታይ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ድካም ነው። ድካም ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ስለዚህ ፋይሉን እየዞረ ኩርባው ላይ አያቁሙት።

ጥያቄ፦ ሮታሪ (በአንድ አቅጣጫ የሚዞር) ወይስ ሬሲፕሮኬሽን (ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ)?

ድካምን ለመቋቋም ሬሲፕሮኬሽን ይሻላል። ሬሲፕሮክና ዌቭዋን ጎልድ በሚቆርጡበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከሰዓት በተቃራኒ 150 ዲግሪ ሄደው 30 ይመለሳሉ፤ በ3 ዑደት አንድ ሙሉ ዙር ይሞላል። የመቁረጫ ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ስለሆነ በተራ ሞተር በሰዓት አቅጣጫ ቢያዞሯቸው አይቆርጡም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፋይሉ ስለሄደላቸው ብቻ እየገፉ መቀጠላቸው ነው። ሦስት አጫጭር መግባትና መውጣት፣ እያንዳንዱ 3 ሚ.ሜ. ገደማ፤ ከዚያ አውጥቶ ፋይሉን መጥረግ፣ ማጠብ፣ በቁጥር 10 መንገዱን መፈተሽ። ይህ ከተዘለለ ፍርስራሹ ኩርባው ላይ ይጠቀጠቅና ፋይሉ እስከ ካናሉ ጫፍ መድረስ ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ ሬሲፕሮክን ኦቶክሌቭ አድርጌ ብደግመው?

አይሆንም። ለአንድ ታካሚ የተሠራ ነው፤ ባለቀለሙ ቀለበት በሙቀት ስለሚያብጥ ሃንድፒሱ (ፋይሉን የሚይዘው የሞተሩ እጀታ) ውስጥም አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ ሌጅ ሠርቻለሁ፤ ፋይሉ 3 ሚ.ሜ. ሲቀረው ይቆማል። ምን ላድርግ?

ሞተሩን ያስቀምጡ። የቁጥር 8 ወይም 10 ኬ-ፋይል የመጨረሻ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያጥፉ፤ የታጠፈበትን አቅጣጫ በላስቲኩ ማቆሚያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ካናሉን በሃይፖክሎራይት (ማጠቢያ ፈሳሽ) ሞልተው፣ ጫፉን ወደ ኩርባው የውስጥ ግድግዳ አዙረው ቀስ እያሉ ይፈልጉ። ሲገባና የመያዝ ስሜት ሲሰጥ አያውጡት፤ እዚያው ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. ባለ ምት እስኪላላ ይሥሩ። ቁጥር 15 ሳይጨናነቅ ካለፈ በኋላ ብቻ በሙቀት የታከመና ጫፉ የታጠፈ ናይታይ በእጅ ሌጁን አሳልፈው ያስገቡ።

ጥያቄ፦ 35 ዲግሪ ለታጠፈ የታች መንጋጋ ጥርስ ሜዚያል (የፊተኛው ሥር) ካናል ቅደም ተከተል ይስጡኝ።

ራበር ዳም (ጥርሱን ከቀሪው አፍ የሚለይ ላስቲክ) ይደረግ። ፋይሉ ያለ ጎን ግፊት እንዲገባ የመክፈቻው ግድግዳ ይስተካከል። ቁጥር 10 ሁለት ሦስተኛ ያህል ይግባ፤ ከዚያ የላይኛው ክፍል ከፉርኬሽኑ (ሥሮቹ ከሚለያዩበት ቦታ) በተቃራኒ፣ ወደ ሜዚያል እየተቦረሸ ይሰፋ። ከፉርኬሽኑ በኩል ያለው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ሲፋቅ ይበሳል። ርዝመት በአፔክስ ሎኬተር (የሥሩን ጫፍ የሚያመለክት መሣሪያ) የሚወሰደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ላይኛው ሲሰፋ የታጠፈ ካናል መንገዱ ስለሚያጥር ቀድሞ የተለካው ርዝመት ይረዝማል። ግላይድ ፓዝ እስከ 15፣ ቀጥሎ 20 እና 25 በ4 በመቶ። በየፋይሉ መካከል ማጠብና በቁጥር 10 መፈተሽ። ቅርጹ ሲያልቅ 17 በመቶ ኢዲቲኤ (ግድግዳው ላይ የቀረውን የፍርስራሽ ሽፋን የሚያሟሟ ፈሳሽ) ለ1 ደቂቃ፣ ከዚያ ሃይፖክሎራይት።

ጥያቄ፦ ኤስ ቅርጽ ቢሆንስ?

ያው ነው፤ ግን 20 በ4 በመቶ ላይ ማቆም አያሳፍርም። ሁለተኛው ኩርባ ከመጀመሪያው ይልቅ ፋይል ይሰብራል፤ የላይኛውን ኩርባ አስቀድመው በጥቂቱ ካላሰፉት ታች የሚደርሰው ፋይል ገና ሲገባ ተወጥሮ ነው።