ተጠያቂ 7

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ አንዲት ወጣት ማኪያቶ ጋበዘችኝ። ቀን ቢሮ ትሠራለች፣ ማታ ተግባራዊ ነገረ መለኮት (እምነት በሰው ኑሮና በአገልግሎት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናውን ትምህርት) በማስተርስ ትማራለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገለግላለች። ላፕቶፕዋን ከፈተችና «ጋሼ፣ ለቴሲሴ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ማለት ነው፣ ስንት ሰው ባናግር ይበቃኛል?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ጥናት የሰው ብዛት አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሰዎቹ አዲስ ነገር መንገር ሲያቆሙ ታቆሚያለሽ። ይህንኑ ነገርኳት። አመስግናኝ ተለያየን። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። «ስንት ሰው ይበቃኛል?» እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ቃል ጠይቄ ነበር።

እንደ እሷ ነገረ መለኮት ለምትማሩ ወጣቶች ነው ይህን የምጽፈው። ጸልዩ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ፣ ቀነ ገደብ አክብሩ የሚለውን ግን አልጽፍላችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ።

እኔ ማስተርሴን የተማርኩት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ከእኛ ቀደም ያሉት አብዛኞቹ ናይሮቢ ወይም ባሕር ማዶ መሄድ ነበረባቸው። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ተማርን፤ እሱም አኩርቶን ነበር። የቴሲሴ ርዕስ ለቅሶ ነው። ወንጌላውያን ለቅሶ ቤት ገብተው ምን ይላሉ? ዕድርተኛው ጎረቤትስ እንዴት ያያቸዋል?

ርዕሱን የመረጥኩት በንዴት ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ የጉባኤያችን ወንድም ድንኳን ውስጥ ገብቶ እናቴን «አያልቅሱ፣ በክብር ነው ያለው» ይላት ጀመር። እሷ ደረቷን እየመታች ነው። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ንፍሮ በእጁ እንደያዘ ተነስቶ «ይኼን ልጅ አውጡልኝ፣ አለዚያ እኔ እወጣለሁ» አለ። ወንድማችን ወጣ። ጥሩምባ ነፊው እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ምንም ሳይናገር ንፍሮውን በላ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የማጽናኛ ስብከቶች ሁሉ ያንን ዝምታ አስበልጣለሁ።

ታዲያ ይህን ያየሁ ሰው ምን ሠራሁ መሰላችሁ?

ዶሮ ማነቂያ አንዲት የጉባኤያችን እናት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ልጃቸው ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም። አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቴፕ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላቸው፣ ፈረሙልኝ። ቅጹ ላይ «የጥናቱ ውጤት ለተሳታፊዎች ይገለጻል» የሚል አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካሴቱ ባለ 60 ደቂቃ ነው፤ በየጎኑ 30። መጀመሪያ አካባቢ መልሳቸው አጫጭር ነበር። ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ያውቃል፣ ደህና ነኝ። ቀስ በቀስ ግን ስለ ልጁ መናገር ጀመሩ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉና «ቤተ ክርስቲያን እንዳትነግርብኝ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሙሾ አወጡለት። ጎረቤቶቻቸው ባሉበት ድንኳን ውስጥ አፍረው የዋጡትን ማለት ነው። ከእኛ ወገን ሰዎች መካከል ተቀምጠው ስለነበር ያኔ አላሉትም። ግጥሙን ዛሬ አላስታውሰውም። የልጁ ጫማ እንደነበረበት ብቻ ትዝ ይለኛል።

መሐል ላይ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። እሳቸውም አብረው ቆሙ። ነጠላቸው ጠርዝ ላይ ጣታቸውን እንዳኖሩ «ገልብጠው» አሉኝ። ገለበጥኩት። ቀዩን ቁልፍ እስክጫን ጠበቁኝና ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ።

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁ። «ምዕራፍ 4 ተገኘ» እያልኩ ነበር።

ያኔ የምወደው ታሪክ የአንቶን ቦይሰንን ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ፣ የቲዎሎጂ ተማሪዎችን ከሕሙማን መሐል አስገብቶ ያስተማረ ሰው ነው። ሰው እንደ መጽሐፍ ሊነበብ የሚገባው ሕያው ሰነድ ነው ይል ነበር። የዛሬው የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልግሎት ሥልጠና ሥሩ እዚያ ነው። ሰነድ የሚለውን ቃል ያዝኩት። ቦይሰን ራሱ ከዚያ በፊት በአእምሮ ሆስፒታል ታክሞ የወጣ ሰው መሆኑን ግን እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ አነበብኩት። እሱ እኮ መጀመሪያ የተነበበው ሰነድ ራሱ ነው! ለዚህ ነው ማንበብ የቻለው።

በቴሲሴ ውስጥ እትዬ «ተጠያቂ 7» ናቸው። ሙሾውን አልጻፍኩትም። «ተጠያቂዋ በባህላዊ የለቅሶ ግጥም ስሜታቸውን ገልጸዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር አሰፈርኩ። ኤ አገኘሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያችን ካሴት ታመጣልኛለህ? ያን ቀን ስለሱ ያልኩትን ሁሉ ረሳሁት። ደግሜ ልበለው ብል አልመጣ አለኝ።»

«አመጣለሁ» አልኩ።

ካሴቱ ላይ በዚያን ጊዜ የአንድ የዕድር ዳኛ ማብራሪያ ተቀድቶበታል። ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ቅጣት። ካሴት ተወዶ አይደለም፤ ያኔ ፒያሳ በየሱቁ ሞልቶ ነበር። ወርዶ መግዛት ሰንፌ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ጠየቁኝ፣ «ረሳሁት» አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ በጎን በር መውጣት ጀመርኩ። ወደ ዶሮ ማነቂያ የሚያወርደውን መንገድ ትቼ ዞሬ እሄድ ነበር። በመሐሉ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የሚለውን ሮሜ 12፥15 ስንት ጊዜ እንደሰበክሁ አትጠይቁኝ። ኋላ ሌላ ጉባኤ ተመደብኩ፤ እፎይ አልኩ። በ2016 ዓ.ም. ያ ሠፈር ፈረሰ። ነዋሪው በየዳርቻው ተበተነ። ያን ጊዜ ነው የፈለግኳቸው። የሚያውቅ አላገኘሁም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምለውን እንደ ምክር ቁጠሩት።

ዛሬ የምትማሯቸው የአሜሪካዊው የነገረ መለኮት ምሁር የሪቻርድ ኦስመር አራት ጥያቄዎች በእኛ ጊዜ አልወጡም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው የመጡት። ምን እየሆነ ነው? ለምን ሆነ? ምን መሆን ነበረበት? ምን እናድርግ? ጥሩ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ግን የመጀመሪያውን በአንድ ከሰዓት ጨርሳችሁ ወደ አራተኛው ትሮጣላችሁ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። መናገር የጀመሩት ምዕራፍ 4 ላይ ነው፤ ነገሩ የተበላሸውም እዚያው ነው። የእኔም እንደዚያው።

ስለ እናንተ ትውልድ ጥቂት ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ማዕረግ ትወዳላችሁ። ገና ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅለት ፖስተሩ ላይ ስሙን በማዕረግ የሚያስጽፍ አይቻለሁ። ቴሲስ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጽፍ አለ። አሁን ደግሞ ማሽኑ ይጽፈዋል። የለቅሶ ቤት ጸሎት ቲክቶክ ላይ ሲለቀቅ ሳይ ስልኬን እዘጋለሁ። ግን ደግሞ ከእኛ የምትሻሉበት አለ። ያቺ ልጅ ለምሳሌ ጎረቤቶቿን ሁሉ በስም ታውቃለች። ዕድርም ገብታለች። በእኛ ዘመን ዕድር የገባ ወጣት አገልጋይ እንዴት ይታይ እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ 30 ዓመት ሳይሞላችሁ ማስተርስ አትግቡ፣ መጀመሪያ አምስት ዓመት ቀብር ላይ ቁሙ። ይህን የምለው እኔ ግን የገባሁት በ26 ዓመቴ ነው። ባልማር ደግሞ ያን የድንኳኑን ወንድም የምሆን ይመስለኛል። ስለዚህ ግቡ። የምታደርጉትን እናንተ ታውቃላችሁ።

ቅጂውን ግን መልሱ። ከዲፌንስ በፊት፣ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ሳታቀርቡ ማለት ነው፣ አድቫይዘራችሁም ሳያየው፣ ሰውየው በገዛ አፉ የተናገረውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ አትማችሁ ወይም በፍላሽ ገልብጣችሁ ቤቱ ሂዱና ስጡት። ቡና ካፈላ ጠጡ። ይህ በየትኛውም የኮርስ መመሪያ ውስጥ ነጥብ የለውም።

ካሴቱ አሁንም ቤቴ አለ። ባለፈው ሳምንት ከካፌው ስመለስ የሚያጫውት ቴፕ ከጎረቤት ለምኜ ሰማሁት። የዕድሩ ዳኛ ሁለተኛው ጎን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጨርሰዋል። ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ያልተደመሰሰ የእትዬ ድምፅ አለ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?»

መልሴ የለም። ክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።